የብሎክ አርባ ሰባት ካርኒ

«እኔ የምለው ውሃው ከአንደኛ ቦታው እንዳይነቃነቅብን ነው» አለ አቶ ይትባረክ፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ተመቻችቶ። «አንደኛ ይሁን፤ አንደኛ እንደሆነ ይቆይ። አንዴ ከመጣ ግን ምን አንደኛ ይባላል?»

ማስተዋል ይህን የሰማችው ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ባለው የወንድሟ ቤት፣ ኮሪደሩ ጫፍ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ ሁለተኛዋን ቢጫ ጀሪካን ስትሞላ ነው። የቧንቧው ድምፅ ወሬውን እንዳያስቀርባት ውሃውን ቀነስ አደረገችው። ወንድሟ ሲመልስ ሰማችው፤ «ሃያ አምስት ዓመት ማን ነካው ብለህ ነው?» አለ። ሁለቱም ሳቁ። ይትባረክ አሥራ ሁለት የውሃ ቦቴ አለው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ይትባረክ ቦቴ በሚለው ስሙ ሲሆን፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ የሚኖር ሰው የጠጣውም የታጠበበትም ውሃ ከነዚህ አሥራ ሁለት መኪናዎች በአንዱ ሆድ ውስጥ አልፏል። ባለፉት ሁለት ምርጫዎች የወንድሟን ፖስተር ያሳተመው፣ ድምፅ ማጉያ የተጫነባቸውን መኪናዎች የተከራየው፣ ለወጣቶቹ ቲሸርት ያለበሰው እሱ ነበር። ማስተዋል ደግነቱን ስታደንቅ ኖራለች። ጀሪካኗ ሞልታ መፍሰስ ስትጀምር ነው የነቃችው።

ወንድሟን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዛ ትመጣለች። ይህ በቤተሰቡ ውስጥ ማንም የማያነሣው ነገር ነው። የወንድሟ ሚስት አይታ እንዳላየች ታልፋለች፤ ዘበኛው ሲሞላ ተቀብሎ መኪና ድረስ ያደርስላታል፤ ወንድሟ ደግሞ ጀሪካኖቹን እንደ እጅ ቦርሳ ለምዷቸዋል። እሷ ግን ዛሬ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የመጣችው ለጀሪካን ብቻ አልነበረም። የብሎክ አርባ ሰባት እድር ገንዘብ ያዥ ናት። እድሩ ውሃውን ከታች ገፍቶ አራተኛ ፎቅ የሚያደርስ ፓምፕ ለመግዛት ዓመት ሙሉ ከየቤቱ አዋጥቶ ግማሽ ላይ ደርሷል። የመርካቶው ነጋዴ በድሮው ዋጋ እስከ ሰኞ ብቻ እጠብቃለሁ ብሏል፤ ከሰኞ በኋላ ዋጋው ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ዶላርና ፈጣሪ ነው። ነገ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው ይሰበሰባል። ሰውም የሚጠይቀው እሷን ነው፤ ምክንያቱም ፓምፑን እንደሚያስገዛ ቃል የገባው የእሷ ወንድም ነው።

ቃሉን የገባው ደግሞ በእናታቸው ለቅሶ ላይ ነበር፣ ከስድስት ዓመት በፊት። እናታቸው የመጨረሻዎቹን ዓመታት የኖረችው አራተኛ ፎቅ፣ ማስተዋል ቤት ነው። የሞተች ዕለት ገላዋ የታጠበበት ውሃ በበርሜል ከይትባረክ ቦቴ የተገዛ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወንድሟ የእድሩ ድንኳን ውስጥ ተነሥቶ፣ «እናቴን በክብር ለሸኛችሁልኝ ጎረቤቶች፣ ፓምፑ የኔ ዕዳ ነው» አለ። ሰው አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ጀሪካን ተሸክማ ያገኛት ጎረቤት ሁሉ «ማስቴ፣ ወንድምሽ ምን አለ?» ይላታል። የሦስተኛ ፎቋ ሐሚዳ ደግሞ መጠየቁን ትታ፣ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብላ ታልፋታለች። ሐሚዳ ይህን የምትለው በፍቅር ነው፤ ያም ቢሆን ያማል።

ወንድሟ የተከበሩ አቶ ኃይለሚካኤል መጥፎ ሰው አይደለም። የተከበሩ የሚለው የምክር ቤት ማዕረጉ ከስሙ ጋር ስለ ተጣበቀ ሚስቱም ጭምር «የተከበሩ፣ ምሳ ቀርቧል» ትለዋለች። በአምስት የምክር ቤት ዘመን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተናግሯል፤ አንደኛው ማይኩ ይሠራ እንደሆነ የጠየቀበት ነው። እጅ በማውጣት ግን የሚያህለው የለም። የሚያወጣው ሁልጊዜ ቀኝ እጁን ስለሆነ የኮቶቹ ሁሉ የቀኝ ብብት ቶሎ ይተረተራል፤ የምትሰፋለትም ማስተዋል ናት። ረቂቅ ሲሰጠው የሚያየው የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ ሰው የሚፈርመው እዚያ ስለሆነ። ማስተዋል ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ሠርታ ጡረታ የወጣች በመሆኗ ነጠላ ሰረዝ ሳታይ አታልፍም። ከአንድ እናት እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች መውጣታቸው ይገርማል።

እጇን አድርቃ ሳሎን ስትገባ ወንድሟ ደስ አለው። «ማስቴ! እግዜር ነው ያመጣሽ። ዛሬ እናንተ ሰፈር የድጋፍ ማሰባሰቢያ ምሳ አለን። የእድሩን ድንኳን እፈልጋለሁ፤ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ማይኩንም።»

«ድንኳኑን ትናንት ፈቅደናል፣ ጋሼ። እኔ እንኳ የመጣሁት ስለዚያ ስለ ፓምፑ…» ብላ ጀመረች። ይትባረክ የሻይ ስኒውን አስቀመጠ። ወንድሟ ጣሪያውን አየ።

ከጭንቁ ያወጣቻቸው የወንድሟ ልጅ ሀይሚ ናት፣ ወረቀት ታቅፋ ስትገባ። የዘመቻው ኃላፊ እሷ ናት። «አክስቴ፣ ዲዛይኑን እይልኝ፣ ፋየር አይደል?» አለቻት። ወረቀቱ ላይ «ቀዳሚ ትኩረቶቻችን» ተብሎ ሰባት ነገር ተደርድሯል። አንደኛ፣ ውሃ። ባለፈው ምርጫም አንደኛ ውሃ ነበር፤ ከዚያ በፊትም፤ አራብሳ ገና የጤፍ ማሳ በነበረ ጊዜም። ባለፈው ወረቀት ላይ ግን ከስሩ በትንንሽ ፊደል «ለብሎክ 47 ፓምፕን ጨምሮ» ይል ነበር። አሁን የለም። ማስተዋል ጣቷን ባዶው ቦታ ላይ ስታሳርፍ ሀይሚ ገባት። «ፓምፕ የሚለው ቃል ቫይብ የለውም፣ አክስቴ። ውሃ ብቻውን ክሊን ነው።»

ከዚያ ሀይሚ ችግሯን ተናገረች። የዘመቻው ደረሰኝ ከማተሚያ ቤት አልደረሰም፤ የሚደርሰው ሰኞ ነው። ያለ ደረሰኝ መቀበል ዘንድሮ ያስጠይቃል፤ ነጋዴዎቹም ደረሰኝ ካላዩ ስልካቸውን ከኪሳቸው አያወጡም። የተከበሩ አቶ ኃይለሚካኤል ችግሩን እንደ ልማዱ ፈታው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የጎደለው ነገር ሲኖር ከእድር ተውሷል። «እድሩ ካርኒ የለውም እንዴ?» አለ።

«በእጄ ያለው የፓምፑ መዋጮ ካርኒ ብቻ ነው» አለች ማስተዋል። «ላዩ ላይ የተጻፈ ነገር አለ፣ ጋሼ። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩም የእድሩ ነው።»

«ተራ ቁጥር አለው? ማኅተም አለው?»

«አለው። ግን እስቲ ያንብቡት።» እንግዳ ፊት ሲሆን እርስዎ ትለዋለች፤ ብቻቸውን ሲቀሩ አንተ። ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ኃይለሚካኤል ካርኒውን እንደ ዳቦ በእጁ መዘነውና መለሰላት።

«ካርኒ ካርኒ ነው። ማን ያነበዋል፣ ማስቴ?»

«እኔ ሃያ ዓመት ስነግድ ከድምሩ በላይ ያለውን አንብቤ አላውቅም» አለ ይትባረክ፣ ሳቅ ብሎ። ሀይሚም ሰኞ ደረሰኙ ሲደርስ እድሩ ብሩን ወደ ካምፔይኑ ትራንስፈር እንደሚያደርግ፣ ነገሩ ሲምፕል እንደሆነ አስረዳች። ማስተዋል ሁለት ጊዜ ተናግራለች። ሦስተኛ መናገር ልመና ይሆናል። ዝም አይነቅዝም ብላ ካርኒውን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ዚፑን ዘጋች።

ወደ አራብሳ የሄዱት በወንድሟ መኪና ነው፤ ጀሪካኖቹ ከኋላ እየተንቦጨቦጩ። በገርጂ አድርገው ጎሮን እስኪያልፉ እሱ ስልኩን ያያል፤ እሷ በመስኮት ከሚያድገው ሕንፃ ሁሉ ላይ የተሰቀለውን የውሃ ጋን ትቆጥራለች። ጎሮን ሲያልፉ ድፍረቷን ሰብስባ፣ «ጋሼ፣ ነገ እኮ ጉባኤ አለን» አለችው። «ከምሳ በኋላ» አላት ከስልኩ ቀና ሳይል። ስድስት ዓመት ከሥራ በኋላ፣ ከበዓል በኋላ፣ ከምርጫ በኋላ ስትባል ቆይታለች፤ ከምሳ በኋላ የተባለችው ዛሬ ገና ነው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ እዚያ ላይ ነው ልቧ የቆረጠው። የምትዋሸው ነገር የለም፤ የምትሰርቀውም የለም። ያሉትን ትፈጽማለች።

ብሎኩ ስር ድንኳኑ ተተክሏል። ሁለት ትልልቅ ድስት ተጥዶ፣ የክርስቲያኑ ወጥ በአንድ በኩል፣ የሙስሊሙ በሌላ በኩል ይንተከተካል፤ የሙስሊሙን የያዘችው ሐሚዳ ናት። አጥሩ ጋ የይትባረክ አንድ ቦቴ ቆሟል፤ ለምሳው ውሃ የሚቀዳው ከእሱ ነው፣ ለዛሬ ብቻ በነጻ። ሆዱ ላይ የወንድሟ ፎቶ ተለጥፎ ከስሩ «ውሃ አንደኛ!» ይላል። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ያሉ ሕፃናት ባልዲ በገመድ አውርደው የነጻውን ውሃ ለመቅዳት ይሞክራሉ፤ ሹፌሩም እየተቆጣ ይሞላላቸዋል።

እንግዶቹ በስምንት ሰዓት መጡ። ከሃያ ሁለት ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ነጋዴው ያሕያ፣ ከቦሌ ሁለት የሆቴል ባለቤቶች፣ ከገርጂ የሴራሚክ አስመጪዎች፤ ሌሎችም። ሆድ ሲሞላ ሀይሚ ማይክ ያዘች። ነገሩ እንደ ሠርግ ስጦታ ነው፤ አንዱ ተነሥቶ ቁጥር ይጠራል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ቀጣዩ ከዚያ በታች መጥራት ያፍራል። ያሕያ ሃምሳ ሺህ ብሎ ጀመረ። ያሕያን ያየ ባለ ሆቴል ስድሳ አለ። ሌላው ስድሳ አምስት። ቃል የገባ ሁሉ ወደ ማስተዋል ጠረጴዛ እየመጣ፣ ካርኒው ግርጌ ላይ ወዳለው ሂሳብ በስልኩ ያስተላልፋል፤ ስልኩ ጢን ሲል እሷ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ስም ጽፋ ትቆርጣለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው የተከበሩ አቶ ኃይለሚካኤል «አስተባባሪ» በሚለው ቦታ ይፈርማል። ማስተዋል ለእያንዳንዱ ሰው፣ «ያንብቡት» እያለች ነው የሰጠችው። እያንዳንዱም አመስግኖ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ይትባረክ መጨረሻ ላይ ነው የተነሣው፤ ሁሉንም መብለጥ ስላለበት። ሰውየው ሣሩን እንጂ ገደሉን አላየም። የጠራውን ቁጥር ስትሰማ ማስተዋል በልቧ ደመረች፤ ከፓምፑ ቀሪ ግማሽ አልፎ ለማስተከያውም ይበቃል። ስልኩ ጢን አለ። ወንድሟ ረጅም ፊርማ ፈረመ፤ ከስሩ ሁለት መስመር አሰመረበት።

አሁን የቀረው ምርቃት ነው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጉዲና በከዘራ ተነሡ። በወጣትነታቸው የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ፤ እድሩ ውስጥም ለሠላሳ ብር ብድር የቀረበ ማመልከቻ እንኳ ከቀኑ ጀምረው ያነባሉ። «ያላነበብኩትን አልመርቅም» የታወቀች ቃላቸው ናት። ብሎክ አርባ ሰባት ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ማስተዋልም ታውቃለች። ቦሌ ግን አያውቅም። ሽማግሌው ካርኒውን ከጠረጴዛው አንሥተው መነጽራቸውን ሰኩና ማይኩ ላይ አፋቸውን ደቅነው ማንበብ ጀመሩ፤ የፍርድ ውሳኔ በሚነበብበት ድምፅ።

«ለብሎክ አርባ ሰባት የውሃ ፓምፕ መግዣና ማስተከያ ብቻ የተሰጠ። በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ካልተወሰነ በስተቀር ለሌላ ጉዳይ አይውልም። ተመላሽ የማይሆን።» ጋሽ ጉዲና መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። «እኔ ደግሞ የፖለቲካ ምሳ መስሎኝ ነበር። ይህን ያህል ሰው ከቦሌ ድረስ ለእኛ ውሃ ሊያዋጣ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። የሰጠ እጃችሁ አይንጠፍ።»

«አሜን» አለ ድንኳኑ በሙሉ። ነጋዴዎቹም አሉ። ምርቃት ሲወርድ አሜን ለማለት ሰው አያስብም።

«እናንተ እንዳጠጣችሁን ፈጣሪ ልጆቻችሁን አያስጠማ።»

«አሜን።»

«አቶ ይትባረክን ደግሞ በተለይ፤ ውሃ የሚሸጥ ሰው ሆኖ ሳለ ውሃ በነጻ እንዲመጣልን ከሁሉ አስበልጦ የሰጠ፣ ስሙን ከፍ ያድርግለት።»

እዚህ ላይ አሜን ያላለ አንድ ሰው ነበር። ይትባረክ የተጠቀለለ ጉርሻ በእጁ ይዞ፣ ወደ አፉ ሊወስደው ወይም ትሪው ላይ ሊመልሰው ግራ ገብቶት ቀረ። ሐሚዳ ጭልፋዋን ጥላ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከየፎቁ በረንዳ ተቀበሏት። ያሕያ ካርኒውን ከኪሱ አውጥቶ አነበበና መጀመሪያ ፊቱ ተኮማተረ፤ ቀጥሎ ግን አንዲት ሴትዮ እጁን ይዛ ስትስመው አየና መልሶ ፈገግ አለ። ሀይሚ ወደ አባቷ አየች፤ አባቷ ወደ ማስተዋል አየ። ማስተዋል የጠረጴዛውን ልብስ አየች።

የተከበሩ አቶ ኃይለሚካኤል ሃያ አምስት ዓመት ወንበሩ ላይ የቆየው በከንቱ አልነበረም። ተነሥቶ ማይኩን ተቀበለ፤ ኮቱን ቆለፈ። «ማይኩ ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። ይሠራል አሉት። «በእናቴ ለቅሶ ላይ የገባሁት ቃል ነበር» አለ። «ይኸው ዛሬ ፈጸምኩት።» ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ከበረንዳው ላይ ስሙን የጠሩ ነበሩ። ይትባረክ እጁን ሳይታጠብ ተነሥቶ ወጣ። ሹፌሩ በጥድፊያ የውሃ ማውረጃ ጎማውን ሳይዘጋ መኪናውን አስነሣ። ቦቴው በድንጋዩ መንገድ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ፣ «ውሃ አንደኛ!» የሚለውን ይዞ ተጠመዘዘና ጠፋ። ልጆቹ ከኋላው ባልዲ ይዘው ሮጡ።

ሰው ሲበተን ኃይለሚካኤል እህቱን ፈልጎ ድንኳኑ ጥግ አገኛት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማስቴ፣ ስለ ካርኒው እንነጋገር» አላት። «ካርኒ የማስቀምጠው ቤት ነው» አለችና ከመኪናው የኋላ ሳጥን አንዷን ጀሪካን አነሣች። ሌላዋ እዚያው ቀረች። ዘበኛው ቦሌ ነው፤ ሹፌሩ ምሳ ላይ ነው። ጎረቤት ከየበረንዳው «ኑሩልን» እያለ ያየዋል። ስለዚህ የተከበሩ አቶ ኃይለሚካኤል ሁለተኛዋን ጀሪካን አነሣና እህቱን ተከትሎ ደረጃውን ወጣ።

አንደኛ ፎቅ ላይ ስለ ሀይሚ እያወራ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማውራቱን አቆመ። ሦስተኛ ላይ፣ ሐሚዳ በር አጠገብ፣ ጀሪካኗን አስቀምጦ ግድግዳውን ተደገፈ፤ የኮቱ ቀኝ ብብት ተተርትሯል። «እማዬ በዚህ ነበር የምትወጣው?» አለ።

«በመጨረሻ መውረዱን ተወችው እንጂ» አለች ማስተዋል። «አይዞህ፣ ጋሼ፤ አንድ ፎቅ ነው የቀረው።»

ቤቷ ገብቶ እናታቸው ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ማስተዋል ከጀሪካኗ በብርጭቆ ቀድታ ሰጠችው። የራሱን ቤት ውሃ ነው የጠጣው፤ አንድ ጊዜ ሳይተነፍስ ጨለጠው። ከታች የድንኳኑ ብረት ሲነቀል ይሰማል።

«ይትባረክ ከእንግዲህ ስልኬን አያነሣም» አለ በመጨረሻ። «ፖስተር የለ፣ መኪና የለ። ያ ወረቀት ታትሟል። አሁን ማን ፊት ቆሜ አንደኛ ውሃ እላለሁ? አንደኛ ምን ልበል፣ ማስቴ?»

«ሁለት ጊዜ አንብበው ብዬህ ነበር» አለችው። አልተቆጣችም። ቁጣዋ ደረጃው ላይ ቀርቷል፤ ሲያልበው ስላየች አሳዘናት።

ካርኒውን ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ መሳቢያው ስትሄድ፣ «ቆዪ» አላት። የኪስ ቦርሳውን ከፈተ። ያለው ብዙ አልነበረም፤ ያለውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ለእኔም ቁረጪልኝ።»

ስሙን ጻፈች፤ የተከበሩ የሚለውን ሳትጨምር። ብዕሩን ስታቀብለው አልተቀበላትም፤ መጀመሪያ ከደረት ኪሱ መነጽሩን አወጣ። ካርኒውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጎ ከላይ ጀምሮ ቃል በቃል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ተመላሽ የማይሆን የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ተመልሶ ሁለተኛ አነበበው። ከዚያ ፈረመ።